በግማሽ የቀረ ጥያቄ

ረቡዕ፣ ጥር 14

እዚያው ላይ ተቋረጠ። ሌላ ቦታ ያጣ ይመስል ልክ እዚያው ላይ።

እንደ ማታው ሁሉ በታብሌቱ በምስል ስንነጋገር አቶ መኩሪያ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። የሸሚዛቸውን የላይኛውን ቁልፍ ቆለፉ። ይህን ቁልፍ ሲቆልፉ እስከ ዛሬ አይቻቸው አላውቅም፤ ስንት ጊዜ በሆዴ ተቆጥቻለሁ። ከዚያ እንዲህ አሉ፦ «እንግዲህ ወይዘሮ ጽጌ፣ እኔም ብቻዬን ነኝ፤ እርስዎም ብቻዎን ነዎት። ብዙ አሰብኩበት...» ይህን ሲሉ ድምፃቸው መቆራረጥ ጀመረ። እኔም ደንግጬ እጄን አፌ ላይ ጫንኩና ከጠረጴዛው ሥር ያለውን የዋይፋይ ዕቃ ለማየት ጎንበስ አልኩ። እንዳጎነበስኩ «ሁለታችን አንድ ላይ» የሚለውን ሰማሁ። ከዚያ ወዲያ ድምፅ የለም። የዕቃው መብራት ዓይኔ እያየ ከአረንጓዴ ወደ ቀይ ዞረ። ቀና ስል ፊታቸው ታብሌቱ ላይ አፋቸውን እንደ ከፈቱ ደርቆ ቀርቷል። ጥቂት ቆይቶ እሱም ጠፋ።

ሁለታችን አንድ ላይ ምን?

ልጻፈውና ልየው። «አንድ ላይ ብንኖር» ሊሆን ይችላል። «አንድ ላይ ሄደን የዝዋይን ገዳማት ብንሳለም» ሊሆን ይችላል፤ ባለፈው ወር አንሥተውት ነበር። «የእኅቴን ፎቶግራፎች አንድ ላይ ብናሰባስብ» ሊሆንም ይችላል። ነፍሷን ይማርና እኅታቸው የአዳሪ ትምህርት ቤት ጓደኛዬ ነበረች፤ የተዋወቅነውም በእሷ ለቅሶ ላይ ነው። ያንን ቁልፍ ሳስብ የመጀመሪያው ይመስለኛል። ግን ገዳም ልሂድ ብሎም ቁልፍ የሚቆልፍ ሰው አይጠፋም።

የሒሳብ አስተማሪያችን ጥያቄውን አንብባ ሳትጨርስ መልስ የጀመረችን ልጅ ግድግዳ ሥር ታቆማት ነበር። እኔም በማተሚያ ቤት አራሚነቴ ያላለቀ ዓረፍተ ነገር አሳልፌ አላውቅም። አሁን በሰባ አራት ዓመቴ ለግማሽ ጥያቄ መልስ አልሰጥም። «እሺ» ብዬ የገዳም ጉዞ ሆኖ ቢገኝ የት እገባለሁ?

በእጅ ስልኬ እንዳልደውል አቶ መኩሪያ ጆሯቸው ደክሟል። ስልክ ጆሯቸው ላይ ቢለጥፉት ምንም አይሰሙም። በምስል ስንነጋገር ግን ከንፈሬን እያዩ አንድ ቃል አያመልጣቸውም። እሳቸው ሐዋሳ፣ እኔ ነፋስ ስልክ፤ ያለን ይህ መስመር ብቻ ነው። መልእክት ጽፎ «ምን ሊሉኝ ነበር?» ብሎ መጠየቅ ደግሞ ከእኔ አይጠበቅም። ጠያቂ እሳቸው ናቸው፤ የሚጨርሱትም እሳቸው ናቸው።

ነጠላዬን ሳላወልቅ ጠበቅሁ። ቀይ እንደ ሆነ ቀረ።


ሐሙስ፣ ጥር 15

ጸሎቴን ጨርሼ ሳየው አረንጓዴ። ደስ አለኝ። ወጥቼ ሰሚራ ገርበብ አድርጋ የሄደችውን የአጥር በር አጥብቄ ቀረቀርኩ። ገብቼ ቁርሴን ሳቀራርብ ቀይ።

ሰሚራ ተከራዬ ናት። ወላጆቿ ከስልጤ መጥተው እዚህ የተቀመጡ ናቸው፤ እሷ ሀና ማርያም መጋረጃ ትሸጣለች። ሥራ ወዳድ ናት፤ ሥርዓት አላት፤ ሁለት ነገር ግን አልተማረችም። አንዱ በር መዝጋት ነው። ለገና በሩ ዘመም ብሎ ስለነበር ብየዳ ሠራተኛ ጠርቼ አስነሥቼዋለሁ። አሁን እንደ ባንክ ካዝና ገጥሞ ይዘጋል። ታዲያ ገጥሞ የሚዘጋ በር ገርበብ ተደርጎ ይኬዳል? ሁለተኛው ያልተማረችው ዝም ማለት ነው።

ዛሬ ያደረግኋቸው ነገሮች፦

ዕቃውን ነቅዬ ሰካሁ። ምንም።

ከጠረጴዛው ሥር አውጥቼ መስኮቱ ላይ አስቀመጥኩ። ምንም።

ከላዩ ላይ ያለበስኩትን ዳንቴል አነሣሁ። ሰሚራ ናት ያዘዘችኝ። «እማማ ጽጌ፣ አፍነውት እኮ ነው። ቴሌቪዥኑን አለበሱት፣ ሬዲዮኑን አለበሱት፣ ይኼ እንኳ ይተንፍስ» አለችኝ። ያንን ዳንቴል በእጄ የሠራሁት ነው፤ አንድም የተሳሳተ ቀዳዳ የለበትም። አነሣሁት። ምንም። ዕቃው ራቁቱን ሲታይ ደግሞ በጣም አስቀያሚ ነው።

ማታ ሰሚራ ከሥራ ገባች። ቀይ መሆኑን አይታ፣ «በኔ ስልክ ዳታ ላገናኝዎት» አለች።

«አንቺስ የት ትሆኛለሽ?» አልኳት።

«እዚሁ ነዋ። ስልኩ የኔ አይደል?»

«አይሆንም።»

«እኔ የማልሰማው ምን ሊባባሉ ነው?»

ነጠላዬን ሳብ አደረግሁ። ይህ ብቻ ሁሉን ነገራት። ወንበሩ ላይ ቁጭ አለች። «ወላሂ? የሐዋሳው ጋሼ ጠየቁ እንዴ?»

«ግማሹን።»

ይህችን ልጅ እንዲህ ስትስቅ አይቻት አላውቅም። እንባዋን በሻርፏ ጠረገች፤ አቁማ እንደገና ጀመረች። «ግማሹን! እና እርስዎ ግማሽ እሺ ይበሏቸዋ።» ቁጣዬን ላሳያት ሞከርኩ፤ እኔም ሳቄ መጣ። ሁለታችንም ራቁቱን የተቀመጠውን ዕቃ እያየን ሳቅን።

አቶ መኩሪያ ግን አልደወሉም። ጠዋት አረንጓዴ ሲሆን መሞከር ይችሉ ነበር።


ዓርብ፣ ጥር 16

የመስመር ጥገና ሠራተኛው መጣ። ጎልማሳ ነው፤ ሆዱ ከመሰላሉ ጋር አይስማማም። መኪናውና መሰላሉ እንዲገቡ የአጥሩን በር ወለል አድርጌ ከፈትኩለት። ቤት ገብተን ስናይ መብራቱ እንደ ሰኔ ሣር አረንጓዴ።

«እማማ፣ ምኑ ነው የታመመው?» አለኝ።

አንድ በአንድ ዘረዘርኩለት። ምሽት ላይ እንደሚብስበት፣ ጠዋት ጠዋት እንደሚሻለው፣ ቀን ደግሞ እንደ ፈቀደው እንደሚያደርገው። በኮምፒውተሩ ለካ፤ መሰላል ላይ ወጥቶ ምሰሶው ላይ ያለውን አየ፤ ወረደ። «መስመርዎ ከኔ ቤት መስመር ይሻላል። እንደ ጥርስ ሕመም ነው፤ ሐኪሙን ሲያይ ይሻለዋል» አለ።

እስከ በሩ ሸኘሁት፤ እንደ ልማዴ ቀረቀርኩ፤ ገባሁ። ቀይ።

ወዲያው ደወልኩለት። ገና ከመንገዱ አልወጣም ነበር። ተመለሰ። መሰላሉን አወረደ፤ ከፈትኩለት፤ ገባን። አረንጓዴ።

መብራቱንም እኔንም አየ። «እናቴ፣ እርስዎ ሲቀርቡት ይሆን እንዴ የሚጠፋው?»

በሕይወቴ ብዙ ነገር ተብያለሁ፤ ይህን ግን ማንም ብሎኝ አያውቅም አልኩት። ሳቀ። ሻይ አቀረብኩለት፤ ጾም ነው ብሎ ወተት ያለበትን ብስኩት ተወ፤ ሻይውን ጠጣ። ጨዋ ሰው ነው። ሄደ። ቀረቀርኩ። ቀይ።

ሁለተኛ አልደወልኩለትም። ሦስተኛ ጊዜ ቢመጣና አረንጓዴ ቢሆን ለኔ ሌላ ዓይነት ሐኪም ይጠራልኛል።

አሁን የሚያስጨንቀኝ ሌላ ነው። እሳቸው ልባቸውን አውጥተው ሲናገሩ መስመሩ ሲቋረጥ ምን መሰላቸው? የዘጋሁባቸው መስሏቸው ይሆን? በሰባ ስድስት ዓመቱ ተነሥቶ የጠየቀ ሰው ሁለተኛ ጊዜ ላይጠይቅ ይችላል። እኔ ብሆን አልጠይቅም። ዐቢይ ጾምም እየቀረበ ነው፤ ከገባ እስከ ፋሲካ የሠርግ ወሬ የለም። ጉዳዩ የገዳም ጉዞ ከሆነ ደግሞ ጾሙ ይመቸዋል።

ከሠላሳ ዓመት በፊት ባለቤቴ ሲሞት ሁለተኛ አላገባም ብዬ ነበር። ማንም ስላልጠየቀኝ ቃሌን መጠበቅ አልከበደኝም።


ቅዳሜ፣ ጥር 17

ሽንኩርት፣ ሽንኩርት፣ ሽንኩርት።

የጎረቤቴ የወይዘሮ ብርቄ ልጅ ነገ ታገባለች። ግቢያቸው ስለማይበቃ መላጡ፣ መክተፉ፣ ድስቱ ሁሉ እኔ ግቢ ሆነ። የሰፈሩ ሴት ከማለዳ ጀምሮ ስትወጣና ስትገባ ዋለች። የአጥሩ በር ወለል ብሎ ዋለ፤ አንዴም አልተዘጋም። እኔ ሽንኩርቱ እኩል እንዲከተፍ ተቆጣጠርኩ። አንዷ፣ «እትዬ ጽጌ፣ ድስት ውስጥ ገብቶ ሲቀልጥ ማን ሊለካው ነው?» አለችኝ። እኔ እለካዋለሁ አልኳት።

መሀል ላይ ወይዘሮ ብርቄ ዓይኗ በሽንኩርት እያለቀሰ፣ «ልጆቻችን ተድረው አለቁ እኮ። ከእንግዲህ ማንን ልንድር ነው? እትዬ ናት የቀረችን» አለች። ሴቱ ሁሉ ሳቀ። ሰሚራ ቢላዋዋ ከእጇ ወደቀ። እኔ ፊቴን ወደ ድስቱ አዞርኩ፤ ጭሱን አመሰገንኩት።

በየመሀሉ ውኃ እጠጣለሁ እያልኩ ገብቼ አየሁ። አረንጓዴ። እንደገና ገባሁ። አረንጓዴ። ቀኑን ሙሉ አንዴም አልቀላም። ታብሌቱን ደገፍ አድርጌ ጓዳ አስቀምጬ ጆሮዬን ወደዚያ አድርጌ ዋልኩ። አልደወሉም። መስመሩ ደኅና ሆኖ ዝም ሲሉ ይብሳል። ቀይ ሲሆን ቢያንስ የማሳብበው ነገር አለኝ።

አመሻሽ ላይ ሴቶቹ ድስታቸውን ይዘው ሄዱ። ግቢውን ጠረግን፤ በሩን ዘጋን። ቀይ።

አሁን ይህ ዕቃ ሰው ይወዳል ልል ነው? ሰው ሲኖር አረንጓዴ፣ ብቻዬን ስሆን ቀይ።


እሑድ፣ ጥር 18

አገኘሁት። እኔው ራሴ አገኘሁት።

ከመጀመሪያው ልጻፍ። ሠርጉ ላይ ድንኳን ውስጥ ተቀምጬ ሙሽራዋን እያየሁ ልቤ ግን ቤት ነበር። አራሚ ሳለሁ ስሕተቱ በየትኛው ገጽ እንደሚደጋገም ሳላውቅ ከየት እንደ መጣ አልፈልግም ነበር። ስለዚህ አረንጓዴ የሆነባቸውን ጊዜያት በልቤ ደረደርኩ። ሰሚራ ጠዋት ስትሄድ። ሠራተኛው ሲመጣ። ተመልሶ ሲመጣ። ሴቶቹ ሽንኩርት ሲልጡ። እነዚህን ሁሉ ምን አንድ ያደርጋቸዋል? የሠርገኛው መኪና እንዲወጣ የሙሽሪት አጎት የግቢያቸውን በር በሁለት እጁ ሲከፍት አየሁና ማንኪያዬን አስቀመጥኩ።

በሩ ነው።

ተነሥቼ ሄድኩ። ወይዘሮ ብርቄ «ገና ኬክ አልተቆረሰም» ብላ ተከተለችኝ፤ መጣሁ አልኳት። ሰሚራን ከክፍሏ ጠራኋትና በሩ ጋ አቆምኳት። እኔ ቤት ገብቼ ከዕቃው ፊት ቆምኩ።

«ዝጊ!»

«ተዘጋ!»

ቀይ።

«ክፈቺ!»

«ተከፈተ!»

ጠበቅሁ። መብራቱ ብልጭ ብልጭ ብሎ አረንጓዴ ሆነ። እንደገና አዘጋኋት። ቀይ። እንደገና። ከሠርጉ የሚወጡ ሰዎች በሙሉ ልብሳቸው ቆመው ያዩናል። አንዱ ከረባታም «ምን እያደረጋችሁ ነው?» ብሎ ሲጠይቅ ሰማሁ። ሰሚራ «በሩን ፊደል እያስቆጠርነው ነው። ገና ሀ ላይ ነን» አለችው።

ባትሪ ይዘን የበሩን ቋሚ ፈተሽን። ከምሰሶው የሚመጣው ሽቦ በቋሚው በኩል ወርዶ ነው አጥሩን ይዞ ወደ ቤት የሚሄደው። ለገና በሩን ሳስነሣ ማጠፊያውም አብሮ ከፍ ብሏል። አሁን በሩ ገጥሞ በተዘጋ ቁጥር ማጠፊያው ሽቦውን ይነክሰዋል፤ ሲከፈት ይለቀዋል። ከገና ጀምሮ ሲነክሰው ከርሞ ልባሱ ተልጦ የጥርሱ ምልክት ሳይቀር ይታያል፤ ወደ ውስጥ የዘለቀው ግን ረቡዕ ነው። ሠራተኛው በመጣ ቁጥር ለመሰላሉ በሩን የምከፍትለት እኔ፤ በሄደ ቁጥር የምቀረቅረው እኔ። ረቡዕም አቶ መኩሪያ ሲናገሩ ሰሚራ ከሥራ ገብታ በሩን እንደማዝዛት አጥብቃ የዘጋችበት ሰዓት ነበር።

«አይ እማማ» አለች ሰሚራ። «'እስኪጮህ ዝጊው፣ እስኪጮህ ዝጊው' ሲሉኝ ከረሙ። የጮኸው ማን ሆነ?»

እውነቷን ነው። ግን ደስታዬ! እንደ ልጅ ዘለልኩ። በእኔ ዕድሜ መዝለል ማለት ተረከዝን ከመሬት ማንሣት ነው፤ ቢሆንም ዘለልኩ። ተመልሼ ሄጄ ኬክ በላሁ። ጭፈራውም ውስጥ ገባሁ። ወይዘሮ ብርቄ «ምን አግኝተሽ ነው?» አለችኝ። ሽቦ አልኳት።

ዛሬ በሩ በድንጋይ ተደግፎ ገርበብ ብሎ ያድራል። እዚህ ቤት ከገባሁ ጀምሮ እንዲህ አድርጌ አድሬ አላውቅም። ሌባ ቢመጣ ይምጣ። ጥሪ ቢያመልጠኝ ይብሳል።


ሰኞ፣ ጥር 19

ሌባ አልመጣም። ጥሪም አልመጣም።

ሠራተኛውን ጠራሁት። ሲመጣ ፊቱ ላይ «ደግሞ ምን አሉ» የሚል ነገር ነበረ። ምንም ሳልናገር በሩን ዘግቼ ወደ ዕቃው መራሁት፤ ቀይ። ከፍቼ መራሁት፤ አረንጓዴ። ቆብ አውልቆ ራሱን አከከ። «ይኼን እኔም ለልጆች አስተምራለሁ» አለ። ለየትኞቹ ልጆች እንደ ሆነ አልጠየቅሁትም። የተነከሰውን ቆርጦ በአዲስ ቀጠለው፤ በፕላስቲክ ቱቦ አልብሶ ከማጠፊያው አርቆ በግንቡ አናት አሳለፈው። ቱቦው ትንሽ ጠምዘዝ ብሎ ነበር፤ አስተካክል አልኩት፤ አስተካከለ።

ከዚያ በሩን ራሴ ዘጋሁት። እስኪጮህ። አረንጓዴ።

እነሆ መስመር ያለኝ ሴት ሆኛለሁ። የሚደውልልኝ ግን የለም።

ከሰዓት በኋላ ለአቶ መኩሪያ አጭር መልእክት ልጽፍ ተቀመጥኩ። አይገባም ያልኩት እኔው ነኝ፤ ቢሆንም ተቀመጥኩ። «ረቡዕ ዕለት መስመር ተቋርጦ ነው» ብዬ ጀመርኩ። ራስን መከላከል ይመስላል፤ ሰረዝኩት። «ጤናዎ እንዴት ነው?» አልኩ። ያልጠየቁኝን መጠየቅ ነው፤ ሰረዝኩት። አርሜ አርሜ አንድም ቃል አልተረፈኝም።

ይህንንም ልጻፍ፣ ሌላ የሚያነበው የለምና። ጥያቄው የመጀመሪያው ከሆነ መልሴን አውቃለሁ። ከረቡዕ ጀምሮ አውቀዋለሁ። አንድ ነገር ብቻ አለ፤ ቤቴን ለቅቄ ሐዋሳ አልሄድም። ሐይቁ ያምራል፤ ለሁለት ቀን። እሳቸውም አቮካዶአቸውንና ጓሮአቸውን እንዴት ይተዋሉ? ቀያሽ ነበሩ፤ ያንን ጓሮ በገመድ ለክተው ነው የተከሉት። በየምሽቱ ታብሌቱን ይዘው ዛፍ ለዛፍ ያዞሩኛል፤ እኔም የትኛው እንዳዘመመ እነግራቸዋለሁ። ከዚህ ምሽት በቀር ቀኔ ውስጥ የምጠብቀው ነገር አልነበረኝም።

ዝም ካሉ ይህም ቀረ ማለት ነው።


ማክሰኞ፣ ጥር 20

ወንድሜ ጌታሁን ከብስራተ ገብርኤል ድረስ መጣ። በሥራ ቀን፣ ከረባት አስሮ። ሰው የሞተ መስሎኝ ነጠላዬን ላዘቀዝቅ ምንም አልቀረኝም።

«እትዬ፣ አንድ ነገር ልንገርሽ፤ አትቆጪም?»

«ከረባትህ ተጣሟል። ንገረኝ።»

ከረባቱን አላስተካከለም። «ሁለት ሰዎች ደወሉልኝ። አንዱ የአቶ መኩሪያ የአክስት ልጅ ነው፤ አንዱ ጡረታ የወጡ መምህር። ነገ አስተርዮ ማርያም ናትና በእሷ ቀን ቤትሽ ልንመጣ፣ አንተም ተገኝልን አሉኝ።»

«ለምን ጉዳይ?» አልኩ።

«ለጋብቻ ነዋ እትዬ። ሰውየው ራሱ አስቀድሞ ነግሮሻል አሉኝ። አንቺም እጅሽን አፍሽ ላይ ጭነሽ፣ አንገትሽን ደፍተሽ ዝም አልሽ አሉኝ። ሰውየው በዚህ ዘመን እንዲህ ያለ ጭምትነት አለ እንዴ ብሎ ስንት ቀን በደስታ አልቅሶ ሊሞት ነው። ሽማግሌ ሳይልክ ዳግመኛ መደወልም ነውር ነው ብሎ ተወ።»

ወደ መስኮቱ ዞርኩ። ለካ የሳቸው ታብሌት ላይ ደርቆ የቀረው ያጎነበስኩት እኔ ነኝ። ቀይ መብራት ለማየት ያጎነበስኩት። ስንት ቀን ተከፍቶ የቀረውን አፋቸውን እያሰብኩ ስጨነቅ፣ እሳቸው ደግሞ የደፋሁትን አንገቴን እያሰቡ ሲደሰቱ ነበር።

ለጌታሁን አልነገርኩትም። ትከሻዬ ሲንቀጠቀጥ አይቶ «አይዞሽ እትዬ» አለ፤ ያለቀስኩ መሰለው።

«ምን ልበላቸው ታዲያ?» አለኝ።

«እንደ ወጉ አድርግ» አልኩት።

ማታ ለሰሚራ ስነግራት መሬት ቁጭ አለች። «ማለት እኔ በሩን ጠርቅሜ ነው የዳርኩዎት?» አለች። «በሉ ጥሎሹን ለኔ።»


ረቡዕ፣ ጥር 21

ከኪዳን ስመለስ ቤቱን ዳግመኛ ወለወልኩ። ሽማግሌዎቹ ከሰዓት በኋላ መጡ። እኔ በወጉ መሠረት ጓዳ ገባሁ፤ ሰሚራ ሱቋን ዘግታ አብራኝ ገባች። መጋረጃው እሷ የሸጠችልኝ ስስ ነው፤ ሁሉ ይሰማል።

ሽማግሌዎቹ ቆመው ቀሩ። ጌታሁን ተቀመጡ ቢላቸው፣ «ጉዳያችንን ሳንናገር አንቀመጥም» አሉ። መምህሩ ተናገሩ፤ ንግግራቸው አንድ እርማት አያሻውም። እኔና አቶ መኩሪያን አንድ ላይ ሊያኖሩን እንደ መጡ አጥርተው ተናገሩ። ሙሉ ዓረፍተ ነገር። ዓይኔን ጨፍኜ ሰማሁት።

ጌታሁን ጉሮሮውን ጠረገ። «እንግዲህ አክብራችሁ መጥታችኋል። እኛም ዘመድ ማማከር አለብን። ለዛሬ ይቆየንና በሌላ ቀጠሮ ተመለሱ» አለ።

ዘመድ? የቱን ዘመድ? ከእሱና ከእኔ በቀር ማን ቀርቶን ነው? ልወጣ ስል ሰሚራ ቀሚሴን ያዘችኝ። ሌላው እጇ አፏ ውስጥ ነበር፤ ሳቋን እየነከሰች። ጌታሁን ቀጠለና ቀኑን ቆረጠ፤ ጾም ሊገባ ጥቂት ሲቀረው። ሽማግሌዎቹ ደስ እያላቸው እጅ ነሥተው ሄዱ። ደስ አላቸው! በመጀመሪያው ቀን እሺ ብንላቸው ኖሮ ያዝኑብን ነበር።

በሩ ከተዘጋ በኋላ ወጣሁ። «ጌታሁን፣ ዘመድ ማን ነው?»

«እትዬ፣ እንደ ወጉ አድርግ ያልሽኝ አንቺ አይደለሽም?»

ልክ ነው። ሕይወቴን ሙሉ ሰውን በወግ ሳስጨንቅ ኖሬ ዛሬ በራሴ ላይ ደረሰ። ሻይ ሰጥቼ ሸኘሁት። ከረባቱን ግን አስተካከልኩለት።

ከዚያ ታብሌቱን መስኮቱ አጠገብ አቆምኩ። ነጠላዬን ቀየርኩ። ሰሚራን «ክፍልሽ ግቢ» አልኳት፤ «በሩን ላጥብቅልዎት?» አለች፤ «ግቢ» አልኳት። ለመጀመሪያ ጊዜ እኔው ደወልኩ።

ወዲያው ታዩ። ቁልፉ ተቆልፏል። «ወይዘሮ ጽጌ! ቀጠሮ እንደ ተሰጠን አሁን ነገሩኝ። ደስ ብሎኛል። እንደ ሥርዓቱ ነው» አሉ።

«አቶ መኩሪያ» አልኩ ከንፈሬን አጥርቼ። «ጥያቄዎ ለኔ የደረሰኝ ግማሹ ነው።» የበሩን ነገር፣ የሽቦውን ነገር፣ ለምን እንዳጎነበስኩ ሁሉንም ነገርኳቸው። መጀመሪያ ፊታቸው ገረጣ። ከዚያ ሳቁ፤ መነጽራቸውን አውልቀው ሳቁ። «እኔ ያንን አንገት መድፋት አይቼ ነው ደፍሬ ሽማግሌ የላክሁት። ታዲያ አፈሩ ያልኩት ሁሉ...»

«ሽቦ ነው» አልኳቸው። «አሁን ሙሉውን ይጠይቁኝ።»

መነጽራቸውን መልሰው አደረጉ። «ሁለታችን አንድ ላይ ብንኖር ምን ይመስልዎታል? ቤትዎን እንደማይለቁ አውቃለሁ። ጓሮውን ለልጄ ሰጥቼ የምመጣው እኔ ነኝ። ግቢዎ ውስጥ ሁለት አቮካዶ የሚበቃ ቦታ አለ፤ በምስሉ እያየሁ ለክቼዋለሁ።»

ሙሉ ነው። የጎደለው የለም። መልሴም ከተዘጋጀ ሰንብቷል። ግን አፌ አልከፈት አለ። መብራቱ አረንጓዴ፣ ምስሉ ጥርት ያለ፣ እኔ ብቻ ደርቄ ቀረሁ።

አቶ መኩሪያ ወደ ታብሌታቸው መስተዋት ተጠጉ። በጣታቸው መታ መታ አደረጉት። «ተቋረጠ እንዴ?»

«አልተቋረጠም» አልኩ። «እሺ።»

ጣታቸውን ከመስተዋቱ አነሡ። ዓይናቸው እርጥብ ነበር፤ በደንብ እንደ ገባቸው አይቻለሁ።

«ምን አሉኝ? እስቲ ይድገሙልኝ» አሉ።

አንድን ነገር ሁለት ጊዜ መናገር አልወድም። ደገምኩላቸው።